ድሩዞች ጥጃ ያመልካሉ? ከሊባኖስ ተራራ ለተላከ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው፦ «በሊባኖስ አሌይ አካባቢ በአንድ የድሩዝ ቤተሰብ ቤት መሥራት ከጀመርኩ ሁለት ዓመት ሆነኝ። መስጊድ ሲሄዱ አላየሁም፤ ቤተ ክርስቲያንም አይሄዱም፤ ረመዳን አልጾሙም። ጎረቤት የምትሠራ ልጅ “ጥጃ የሚያመልኩ ናቸው፣ ተጠንቀቂ” አለችኝ። የአራት ዓመቱ ልጅ ደግሞ “ሌላ ቤት ነበረኝ፣ መኪናዬ ቀይ ነበረች” እያለ ያወራል፤ ማንም አይደነግጥም። አንድ ቀን ሙሉኪያ የሚሉትን የቅጠል ወጥ ልሥራ ብል የቴታ፣ የአያትየዋ፣ ፊት ተለዋወጠ። እነዚህ ሰዎች ሙስሊም ናቸው ወይስ ምን?»

እህቴ፣ ጥጃው ሌሊት እንቅልፍ የነሳሽ ስለሚመስል ከእርሱ ልጀምር። ጥጃ አያመልኩም። ይህ ሐሜት ብዙ መቶ ዓመታትን ያስቆጠረ አሮጌ ወሬ ነው። መነሻው ግን ስለሚያስገርም ላጫውትሽ። የማነሣቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በ1017 ካይሮ ላይ ሐምዛ ኢብን ዐሊ የሚባል ከፋርስ ምድር የመጣ ሰው አዲስ ትምህርት ማስተማር ጀመረ። በዚያው ዘመን ሙሐመድ አል ደረዚ የሚባል ሌላ ሰባኪ ተነሥቶ ትምህርቱን በየአደባባዩ እያጋነነ ማወጅና መሪ እኔ ነኝ ማለት አመጣ። ሐምዛ አወገዘው፤ ሰውየው በ1019 ገደማ ተገደለ። ሐምዛ በተከታዮቹ ዘንድ የሚጠራው «አል ዐቅል» ተብሎ ነው። ቃሉን ታውቂዋለሽ፤ «አቅሉን ሳተ» ስንል የምንጠቀምበት ራሱ ነው። ጥጃ ደግሞ በዓረብኛ «ዒጅል» ነው። ተከታዮቹ የቃላቱን መቀራረብ ተጠቅመው ባላንጣውን ደረዚን ጥጃ አሉት። ስድቡ ከመጻሕፍቱ ወጥቶ በሌሎች ጆሮ ሲደርስ ተገልብጦ «ጥጃ ያመልካሉ» ሆነ።

ይባስ ብሎ ዓለም የሚጠራቸው በዚያው ባወገዙት ሰው ስም ነው። ድሩዝ የሚለው ቃል የመጣው ከደረዚ ነው። ራሳቸውን የሚጠሩት «ሙወሒዱን» ብለው ነው፤ የአንድነት አማኞች እንደ ማለት። ሥሩ በተዋሕዶ ውስጥ ያለው «ዋሕድ» ነው፤ እኛ ሁለቱ አንድ ሆኑ ለማለት ስንወስደው እነርሱ ፈጣሪ ፍጹም አንድ ነው ለማለት ወስደውታል። እርስ በርስ ሲሞጋገሱም «በኒ መዕሩፍ» ይባባላሉ፤ የበጎ ምግባር ልጆች ማለት ነው። ሽማግሌው ፊት ለመናገር ከእነዚህ አንዱን ብትመርጪ ደስ ይላቸዋል። «ድሩዝ» ብትይም የሚቀየም የለም፤ ለምደውታል።

አሁን ወደ ሙሉኪያው እንምጣ። በዚያ ጊዜ ግብፅን የሚገዛው ከሺዓዎቹ ከፋጢማውያን ሥርወ መንግሥት የሆነው አል ሐኪም ነበር። በ996 ዙፋን ላይ ሲወጣ ገና የ11 ዓመት ልጅ ነው። በ1009 በኢየሩሳሌም የጎልጎታን ቤተ ክርስቲያን ያስፈረሰ እርሱ ነው። በዚያን ዘመን ጳጳስ የሚላክልን ከእስክንድርያ መንበር ነበርና የእርሱ ዘመን ወሬ ለኛም ቤተ ክርስቲያን ሩቅ አይደለም፤ ፓትርያርክ ዘካርያስ ለአንበሶች ተጥለው አንበሶቹ እንዳልነኳቸው የቅብጦች ስንክሳር ይተርካል። ይኸው ገዢ ሕዝቡን ያስገረሙ አዋጆችንም አውጥቷል፦ ሴቶች ከቤት እንዳይወጡ የሴት ጫማ መሥራት ከልክሏል፤ ሙሉኪያ መብላትንም ከልክሏል። የሙሉኪያው ምክንያት የሺዓ ወገን የማይወደው የጥንቱ ከሊፋ ሙዓውያ ይወደው ስለነበር ነው ይላሉ የዘመኑን ታሪክ የጻፉ። ሌላው ግብፃዊ ገዢው ሲያልፍ ቅጠሉን ወደ ድስቱ መለሰ። ሃይማኖተኛ ድሩዝ ግን ሺህ ዓመት አልፎም አይበላውም። ስለዚህ ቴታ የተቆጡት በሙያሽ አይደለም።

ለምን የዚያን ገዢ ትእዛዝ እስከ ዛሬ ያከብራሉ? ይህ የእምነቱ እምብርት ነው። በሐምዛ ትምህርት ፈጣሪ ከሰው አእምሮ በላይ፣ ሊገለጽም ሊመሰልም የማይችል ነው፤ ሆኖም አንድነቱ ለሰው በሚታይ መልክ በየዘመኑ ይገለጣል፤ የመጨረሻው መገለጫም አል ሐኪም ነው። አል ሐኪም በየካቲት 1021 ሌሊት በአህያ ተቀምጦ ከካይሮ በስተ ምሥራቅ ወዳለው ሙቀጠም ኮረብታ ወጣና አልተመለሰም። አህያውና ደም የነካው ልብሱ ብቻ ተገኙ። ታሪክ ጸሐፊዎች ተገደለ ይላሉ፤ ሙወሒዱን ተሰወረ ይላሉ። ወራሹ ተከታዮቹን ማሳደድ ጀመረ፤ ሐምዛም ተሰወረ። ትምህርቱን በደብዳቤ እያደራጀ ያቆየው በሃእ አል ዲን የሚባለው ሰው ነው፤ በ1043 በሩን ዘጋው። ከዚያ ወዲህ ወደ እምነቱ የሚገባ የለም። ድሩዝ ለመሆን ከድሩዝ አባትና እናት መወለድ ያስፈልጋል። ማንም ሊሰብክሽ ያልሞከረውም ስለዚህ ነው። ብትለምኚያቸው እንኳ አይቀበሉሽም፤ ሊባኖስ ውስጥ ስለ ሃይማኖትሽ ከሚከራከሩሽ ሰዎች ሁሉ ያረፍሽው እዚያ ቤት ሳይሆን አይቀርም።

«ሙስሊም ናቸው?» ላልሽው መልሱ የሚወሰነው በጠየቅሽው ሰው ነው። የበቀሉት ከእስልምና፣ በተለይም ኢስማዒሊ ከሚባለው የሺዓ ክፍል ነው፤ ቁርኣንን ያከብራሉ፤ ዒድ አል አድሓን ያከብራሉ፤ እንዲያውም ዋና በዓላቸው እርሱ ነው፤ ከእርሱ በፊት ያሉት አሥር ሌሊቶችም የጸሎት ናቸው። የሊባኖስ ሕግ ከሙስሊም ወገኖች ይቆጥራቸዋል፤ ከ128ቱ የምክር ቤት መቀመጫ 8ቱ የእነርሱ ናቸው፤ የሚታሰቡትም ለሙስሊሞች በተመደበው ግማሽ ውስጥ ነው። በሌላ በኩል ረመዳንን መጾምና ወደ መካ መሄድ አይገደዱም፤ አምስቱ የእስልምና ምሰሶዎች በእነርሱ ዘንድ ምሥጢራዊ ትርጉም ተሰጥቷቸው ሌላ ሆነዋል። በቦታቸው የቆሙ ሰባት ትእዛዛት አሉ፤ የመጀመሪያው በንግግር እውነተኛ መሆን፣ ሁለተኛው ወንድምን መጠበቅ ነው። የእስራኤል መንግሥት በ1957 ራሱን የቻለ የሃይማኖት ማኅበረሰብ ብሎ አውቋቸዋል። ቤይሩት ተማሪ ሳለሁ ሹፍ በሚባለው የድሩዞች ተራራማ አካባቢ አንድ ሽማግሌ ይህንኑ ጠይቄያቸው ነበር። መራራ ቡና ቀዱልኝና «ልጄ፣ ጠይቅ፤ ካልመለስኩልህ ግን አትቀየመኝ» አሉ። አልመለሱልኝም።

ያለመመለሳቸው ምክንያት ሽሽት ብቻ አይደለም። ብዙው ድሩዝ ራሱ አያውቅም። ማኅበረሰቡ ሁለት ነው፦ ዑቃልና ጁሃል። ዑቃል ከዚያው ከአቅል የመጣ ነው፤ ያወቁ፣ ወደ ምሥጢሩ የገቡ ማለት ነው። ጁሃል ያላወቁ ናቸው፤ «ጃሂል» የሚለውን ቃል የምታውቂው ይመስለኛል። እንደገመትኩት ቴታ ከዑቃል ናቸው፦ ራሳቸውንና ደረታቸውን የሚሸፍን ስስ ነጭ ነጠላ የመሰለ ማንዲል፣ ጥቁር ቀሚስ። ጂዶ፣ ወንድ አያቱ፣ በሕይወት ካሉና ጥቁር ሰፊ ሸርዋል ሱሪ፣ ነጭ ጥምጣም፣ የተላጨ ራስና ሙሉ ሪዝ ካላቸው እርሳቸውም እንደዚያው። ልጃቸውና ምራታቸው፣ አረቄ የሚጠጡትና ሲጋራ የሚያጨሱት፣ ጁሃል ናቸው። ይህ በቤቱ ጠብ አያመጣም። ሰው አርባውን ሲያልፍ «ይበቃኛል» ብሎ ወደ ዑቃል መግባት የተለመደ ነው፤ ሴትም ከወንድ እኩል ትገባለች፤ እንዲያውም የሴት መግባት ይቀላል ሲሉ እሰማለሁ። የገባ ሰው አይጠጣም፣ አያጨስም፤ ገንዘቡ ከምን እንደመጣ ያላመነበትን ምግብም አይቀምስም። ቴታ በአንዳንድ ሀብታም ዘመዶቻቸው ቤት ውኃ ብቻ ጠጥተው ሲመለሱ ካየሽ ምክንያቱ ይህ ነው።

የጸሎት ቤታቸው «ኸልዋ» ይባላል። እዚህም ከሙስሊም ቤተሰብ የመጣ አንባቢ ቃሉን ያውቀዋል፤ ለብቻ መገለያ ማለት ነው። ሚናራ የለውም፣ ደወል የለውም፣ ጌጥ የለውም፤ ከውጪ ስታዪው ተራ የድንጋይ ቤት ነው፤ ለዚህ ነው «አይሄዱም» ያልሽው። ሐሙስ ማታ ቴታ የት እንደሚሄዱ ልብ በይ። በጉባኤው መጀመሪያ ላይ ምክርና ተግሣጽ አለ፤ እዚያ ጁሃልም መቀመጥ ይችላል። ከዚያ ያልገቡት ይወጣሉ፤ መጻሕፍቱ ይገለጣሉ። ወንዶቹና ሴቶቹ በመጋረጃ ተለይተው ይቀመጣሉ። መጻሕፍቱ «የጥበብ መልእክቶች» የሚባሉ 111 ጽሑፎች ሲሆኑ በእጅ ተገልብጠው ይጠበቃሉ። ቅጂዎቹ ከ1700 ጀምሮ ፓሪስ ገብተዋል፤ ሲልቬስትር ደ ሳሲ የሚባል ፈረንሳዊ ምሁር በ1838 ሰፊ ጥናት አሳትሞባቸዋል። ስለዚህ ምሥጢር የሚሉት ወረቀቱን ብቻ አይመስለኝም፤ ከማን ጋር፣ በምን ልብ እንደሚነበብ ጭምር ነው። የሆነው ሆኖ በቴታ ክፍል በጨርቅ የተጠቀለለ መጽሐፍ ብታገኚ አቧራውን ከላዩ አራግፈሽ እለፊው፤ አትክፈቺው፣ ወለል ላይም አታኑሪው።

ልጁ የሚያወራውን በሚመለከት፣ እባክሽ አትፍሪ፤ ጠበል እርጪበት ብለሽም አትጨነቂ። ድሩዞች ነፍስ በሞት ጊዜ ወዲያው ወደሚወለድ ሌላ ሕፃን ትገባለች ብለው ያምናሉ። ትምህርቱን የሚጠሩት «ተቀሙስ» ብለው ነው፤ ከ«ቀሚስ» የመጣ ነው፤ አንቺ የምትለብሺው ቀሚስ ማለቴ ነው። አካል የነፍስ ቀሚስ ነው፤ ሲያልቅ ይወልቃል፣ ሌላ ይለበሳል። ወደ እንስሳ መግባት የለም፤ ድሩዝ ወደ ድሩዝ፣ ወንድ ወደ ወንድ፣ ሴት ወደ ሴት ነው። የነፍሶቹ ቁጥር ከጥንት የተወሰነ ነው፤ አይጨምርም አይቀንስም። ለዚህ ይመስለኛል መቃብሮቻቸው ያለ ጌጥ ባዶ የሆኑት፤ ለወለቀ ቀሚስ ሐውልት ማን ይሠራል?

አንዳንድ ሕፃን አፍ በፈታ ጊዜ የቀድሞ ሕይወቱን ያወራል፤ ይህንን «ኑጥቅ» ይሉታል፤ መናገር ማለት ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚያወሩት በድንገት ወይም በጥይት የሞተን ሰው ሕይወት ነው። በሊባኖስ የእርስ በርስ ጦርነት ልጁን ያጣ ቤት ሁሉ በየመንደሩ እንዲህ ያለ ሕፃን ተወልዶ እንደሆን ያጠያይቅ ነበር። ሲገኝ ሁለቱ ቤተሰቦች ይጠያየቃሉ፤ ሕፃኑ «የድሮ እናቱን» ይጎበኛል፤ እርሷም ጣፋጭ ይዛ ትመጣለች። ኢያን ስቲቨንሰን የሚባል የሥነ አእምሮ ሐኪም በ1964 ወደዚያው ወዳለሽበት ተራራ መጥቶ እንዲህ ያሉ ሕፃናትን አጥንቷል። የሳይንስ ሰዎች አላመኑትም፤ እኔም አላመንኩም፤ ነገር ግን ልጇን የቀበረች እናት የአራት ዓመት ሕፃን አቅፋ ስታለቅስ ማየት ክርክርን ከአፍ ያስጥላል። ሕፃኑ ስለ ቀይ መኪናው ሲያወራሽ «እሺ፣ ከዚያስ?» በይው። ስድስት ሰባት ዓመት ሲሞላው አብዛኛውን ጊዜ ይረሳዋል።

ስለ ሴቶቻቸው ሳልነግርሽ አላልፍም፤ አንቺ ሴት ነሽና። ከአንድ በላይ ሚስት ማግባት ክልክል ነው። የሊባኖስ ድሩዞች በ1948 ባወጡት የቤተሰብ ሕግ ፍቺ በዳኛ ፊት ነው የሚጸናው፤ አንዴ ከተፋቱ በኋላ ደግሞ ያንኑ ሰው መልሶ ማግባት ጨርሶ አይቻልም። ባል ተቆጥቶ «ፈትቼሻለሁ» ብሎ ሲበርድለት መመለስ የለም ማለት ነው። ሰው ሀብቱን ለፈለገው መናዘዝም ይችላል፤ አባት ለሴት ልጁ ሁሉንም ቢያወርሳት ሕጉ አይከለክለውም፤ ቢነፍጋትም እንደዚያው አይከለክለውም፤ በተራራው ቤቱና መሬቱ ለወንዶቹ እንዲቀር የሚናዘዝ አባት ብዙ ነው። ከማኅበረሰቡ ውጪ ማግባት ግን ከባድ ነገር ነው። የቤቱ ሴት ልጅ ከሱኒ ሙስሊም ወይም ከማሮናዊ (ከሊባኖስ ካቶሊክ ክርስቲያን) ልጅ ጋር ስልክ ስታወራ ብትሰሚ አልሰማሁም በይ።

ታሪካቸውን በሙሉ ልተርክልሽ አልችልም፤ አንድ ነገር ግን አለ። ቁጥራቸው በዓለም ላይ አንድ ሚሊዮን ገደማ ነው፤ ይበዛው ሶርያ፣ ቀጥሎ ሊባኖስ፣ ከዚያ እስራኤልና ጎላን፣ ጥቂቱ ዮርዳኖስ፤ ከባሕር ማዶ ቬኔዝዌላና አርጀንቲና። ከሰዓት በኋላ በብረት ቧንቧ የሚመጡትን፣ የቧንቧውን አፍ በሎሚ ልጣጭ እየጠረጉ የሚቀባበሉትን ሣር ሣር የሚል መራራ መጠጥ አይተሻል? «ማቴ» ነው። ቅጠሉ የሚመጣው ከአርጀንቲና ነው፤ ልማዱን ያመጡት እዚያ ተሰደው የተመለሱ አያቶቻቸው ናቸው። ስደት ምን እንደሆነ ቴታ አያጡትም።

ይህን ያህል ጥቂት ሆነው ሺህ ዓመት የቆዩት ተራራ ስለያዙና እንግዳንና ጎረቤትን የሚመለከት የማይታለፍ ሕግ ስላላቸው ነው። በ1711 ዐይን ዳራ ላይ የድሩዝ ወገኖች እርስ በርስ ተዋጉ፤ ከተሸነፉት ብዙዎቹ ወደ ደቡብ ሶርያ፣ ወደ ሐውራን ጥቁር ድንጋይ ሄደው ሰፈሩ፤ የዛሬዋ ሱወይዳ የዚያ ስደት ፍሬ ናት። በ1922 ከዚያ ተራራ መንደሮች በአንዷ፣ በቁረያ፣ ወደ ሱልጣን አል አጥራሽ ቤት አንድ የሚፈለግ ሰው መጣ፤ አድሃም ኸንጀር ይባላል፤ የደቡብ ሊባኖስ ሺዓ ነው፤ በዚያን ጊዜ አገሩን የሚገዙት ፈረንሳዮች የሚያሳድዱት በገዢያቸው በጄኔራል ጉሮ ላይ በተጣለው የግድያ ሙከራ ነበር። ሱልጣን ቤት አልነበረም። ፈረንሳዮች እንግዳውን ይዘው ወሰዱት። ሱልጣን ሲመለስ «እንግዳዬን መልሱልኝ» ብሎ ጠየቀ፤ እምቢ አሉት፤ በመንገድ ላይ ጭፍራቸውን መታ፤ ቤቱን በአውሮፕላን ደበደቡት። ኸንጀር ቤይሩት ላይ ተገደለ። ሦስት ዓመት ቆይቶ በሐምሌ 1925 ፈረንሳዮች የድሩዝ ሹማምንትን ለውይይት ብለው ደማስቆ ጠርተው አሰሯቸው። ያው የእንግዳ ክብር ሁለተኛ ተደፈረ። ሱልጣን ተራራውን አስነሣ፤ በነሐሴ መጀመሪያ መዝረዓ ላይ ሦስት ሺህ የሚሆን የፈረንሳይ ጦር ፈረሰ፤ አመፁ ሶርያን በሙሉ አዳርሶ እስከ 1927 ቆየ። ሰው እንግዳውን ሲነጠቅ የሚያደርገውን በእኛም አገር የሚያውቅ ያውቀዋል።

የአንቺ ተራራ ታሪክ ከዚህ የከበደ ነው። በ1860 ድሩዞችና ማሮናውያን ተፋጁ፤ ብዙ ሺህ ክርስቲያኖች አለቁ። በ1983 የእስራኤል ጦር ከተራራው ሲወጣ እንደገና ተፋጁ፤ አሌይና አጠገቧ ያለችው ሱቅ አል ገርብ የጦር ግንባር ነበሩ። በ2001 የማሮናውያኑ ፓትርያርክ ስፌር ወደ ተራራው ወጥተው ከድሩዞቹ መሪ ከዋሊድ ጁንብላት ጋር እርቅ አወረዱ። የዋሊድ አባት ከማል በ1977 በጥይት የተገደሉት በዚሁ በሹፍ መንገድ ላይ ነው፤ በሳሎኑ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ቀጭን ፊት ያለው ሰውዬ ምናልባት እርሳቸው ናቸው። የፈረሰ የክርስቲያን ቤት በሠፈሩ ካየሽ የማን እንደነበር ቴታን አትጠይቂ።

በእስራኤል ያሉት ከ1956 ጀምሮ ወንዶቹ ለውትድርና ይመለመላሉ፤ በድንበር ጠባቂ ፖሊስ ውስጥ ከቤተ እስራኤል ልጆች ጋር አብረው የሚያገለግሉ ብዙ ናቸው። በየሚያዝያው ጥብርያዶስ አጠገብ ሒጢን ወዳለው የነቢዩ ሹዐይብ መቃብር ይወጣሉ፤ ሹዐይብ የሙሴ አማት ዮቶር ነው። በጎላን ያሉት ደግሞ በ1982 የእስራኤልን መታወቂያ አንቀበልም ብለው ወራት ያህል ሥራ አቁመዋል። በአብዛኛው ከሚኖሩበት አገር ጋር ይቆማሉ፤ አገሮቹ እርስ በርስ ሲዋጉ ግን የአጎት ልጅ በየወገኑ ይቀራል።

በሐምሌ 2025 ቴታ ለብዙ ቀን ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጠው አልቅሰው ከሆነ ምክንያቱ ሱወይዳ ናት። በድሩዞችና በደዊን በሚባሉት ዘላን ዓረቦች መካከል የተነሣው ግጭት የሶርያ መንግሥት ጦር ሲገባበት እልቂት ሆነ፤ ከሺህ በላይ ሰው ሞተ። በስልክ ከተሠራጩት ምስሎች መካከል ታጣቂዎች የሽማግሌዎችን ሪዝ በመቀስ ሲቆርጡ የሚያሳዩት አሉ። ለሌላ ሰው ከሞቱ ጋር ሲነጻጸር ቀላል ይመስላል። ዑቃል ሪዙን አሳድጎ ለፈጣሪ የሰጠው ስለሆነ ለቴታ ግን ሞቱና ሪዙ አልተለያዩም።

የጾምሽን ነገር በጥያቄሽ ላይ አላነሣሽም፤ እኔ ላንሣልሽ። ቴታ የሚጸልዩ ሰው ናቸውና «እጾማለሁ፣ ሥጋና ወተት አልበላም» ብትያቸው ከቤቱ ሁሉ ቀድመው የሚገባቸው እርሳቸው ይሆናሉ ብዬ እገምታለሁ። ምስርና ቡርጉል (የተከካ ስንዴ) አብስለው የሚሠሩት ሙጀደራ ለጾም የተፈጠረ ነው፤ እንዲያሳዩሽ ጠይቂያቸው። ሙሉኪያ ካማረሽ ደግሞ የዕረፍት ቀንሽን ጠብቂ፤ ጥጃ ያመልካሉ ያለችሽ ልጅ ትሥራልሽ።